ማለፊያ

ሠራተኛ ሰፈር፣ ቁልቁለቱ አንገት ላይ፣
ከቆርቆሮ አጥሬ፣ ከዘይቱኔ በላይ፣
አሥራ አንድ ፎቅ በቀለ፤ ጥላው እጓሮዬ።
ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነሣኝ ብዬ
አቤት ሳልል ገና፣ መጣ ሌላ ጉዳይ፤
ፎቁ ሰው ላከብኝ።

ባህሩ የሚባል ልጅ፣
ቢጫ ቆብ ያረገ፣ ኖራ የያዘ በእጅ።
«እማማ» ሲል ያኔ ልቤ ጠረጠረ፤
መርካቶም እንዲህ ነው፣ ዋጋ ሊወርድ ሲል ነው ሰው የተከበረ።
ኖራውን በተነ ካጥር እስከ ወንዝ ዳር፣
በተከራዮች ደጅ፣ በዘይቱኔ ሥር።

«ቱቦ ነው፣ እማማ፤ ሁለት ሜትር ስፋት፣
አንድ ከሃያ ጥልቀት፤
አይታይ፣ አይሸት፣ አይሰማ፣ አያሠጋ።»
አራት ጊዜ «አይ» አለ፤ እኔ መች ጠየቅሁት?
አራት ገጽ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣
ሰማንያ ሺህ ብር፣ በፊደል በቁጥር፣ የጓሮዬ ዋጋ።

አላወቀም ልጁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
የሰው ውል ስመታ ከፍርድ ቤት ምድር ቤት፣
በእነዚህ ጣቶቼ አልፏል የስንት ሰው ርስት።
አውቃታለሁ እኔ
«ለዘለቄታው» የምትል ስድስት ፊደል ቃል፤
ካርቦን ላይ ስትመታ፣ በሦስት ቅጂ ሰው ይነቀላል።
ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አንቀጽ ሰባት ውስጥ፣ ተሸጉጣ አገኘኋት፤
በቀይ እስክሪብቶ አንገቷን ቀላኋት።

ማታ ወንድሜ ዳምጠው ደወለ።
«ፈርሚ፣ አምሳለ፤ ዛሬ የሚለምን ነገ ያዛል» አለ።
«መሬቱ የመንግሥት፣ ካርታሽ ወረቀት ነው፤
ምንሽን ይዘሽ ነው የምትከራከሪው?»
እውነቱን ነው።
መሬቱ የመንግሥት፣ ይዞታው የኔ ነው፤
ዘጠና ክፍል ሰው ታጥቦ የሚለቀው
ያ ሽታስ የማን ነው?

በሳምንቱ ጠበቃ ይዞ መጣ፤ ዓይናለም ትባላለች፣
ጫማዋ ጭቃዬን ይፈራል።
«ስንት ይጨመርልዎ?»
ብር አልጠራሁም።
«ሦስት ተከራይ አለኝ፣ አንድ ሽንት ቤት፤
ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና እንጠብቃለን፣ አሥር ቀን፣ በክረምት።
የእንግዶቻችሁ እጣቢ በሥሬ ሲፈስ
የኛ እዚያው ይከርማል? እኛም እንቀጠል፣
‹በባለሕንፃው ወጪ› የሚልም ይታከል፤
ጠጋኝ በመጣ ቁጥር፣ የነቀለውን አጥር መልሶ እንዲተክል።»
ባህሩ ሣቀና፣ «ቱቦው ጠባብ እኮ ነው።»
«ለዘጠና ክፍል ሰፍቶ ለአራት ቤት ጠበበው?»
ጠበቃዋ አልሣቀችም። ጻፈች።

ዘይቱኗን ግን አጣሁ።
«ቱቦ አይታጠፍም» አሉኝ፤
ስንት የታጠፈ ሰው አይቼ፣ እሺ አልኩ።
ማንም አልተከላት፤ ወፍ ጥላት በቀለች።
ፍሬዋን በኪሎ አባዝተው፣ በዓመት አባዝተው፣ ከፈሉኝ።
ስትወድቅ አላየሁም፤
አትክልት ተራ ወርጄ፣ የማያስፈልገኝን ሽንኩርት ገዛሁ።

ውል የክር ጫፍ ነው፣ ይሉን ነበር የመዝገብ ቤቱ ሹም፤
ጫፉን የያዘ ይፈታል፣ የለቀቀ ሲተበተብ ይከርማል።
ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን፤
ለሃያ ዓመት።
የምትጽፈው ልጅ በሁለት ጣት ትመታለች፤
እጄ በላኝ።

አሁን ሌሊት ስነቃ እሰማዋለሁ።
የማላውቀው እንግዳ ከላይ ታጥቦ ይወርዳል፣
የተከራዬ የብርቄ የድስት እጣቢ ከጎን ይቀላቀለዋል፣
ሳይተዋወቁ በአልጋዬ ሥር ያልፋሉ።
ዳምጠው ይደውላል፤ «እህሳ፣ አለፈልሽ?»
ያለፈውስ ቱቦው ነው፤ እኔ እዚሁ ነኝ።
«ማለፊያ ነው» እለዋለሁ፣
የቱን ማለፊያ እንዳልኩት ሳልነግረው።

ውሉ ሲያልቅ ሰማንያ ሦስት ይሞላኛል።
ቀዩን እስክሪብቶ አልጣልኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው።